የዝግባው ባለቤት ማን ነበር?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ልጆቻችሁን ይዛችሁ በመምጣታችሁ በተለይ ደስ ብሎኛል፤ ከምናገረው ግማሹ ለእነሱ ነውና።

ኮሚቴው ሲጋብዘኝ «ስለ ደናችን ትንሽ በለን» ነበር ያለኝ። ስለ ደን እንዲናገር የተጠራ ሰው ብዙ ጊዜ «ዛፍ እንትከል» ብሎ ይቀመጣል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ መጋዙ ነው። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ከምንሰጥባቸው ጉዳዮች አንዱ ከአገር ቤት የመጣው ጥያቄ ነው፦ ለተደራጁ ወጣቶች የእንጨት መሰንጠቂያና የአናጺነት ሥራ ማዕከል እናቋቁምላቸው ወይስ አናቋቁም? እጃችንን ከማውጣታችን በፊት በዚያ ተራራ ላይ መጋዝ ምን ታሪክ እንዳለው ብናውቅ ይጠቅመናል ብዬ ነው።

ተራራውና ዛፎቹ

ከከተማችን ወደ ምሥራቅ ስናይ የሚታየን ከፍታ የአርሲ ደጋ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው ይህ ተዳፋት የሙኔሳ ሻሸመኔ ደን የሚባለውን ይዟል። ደኑ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 እስከ 2700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ሁሉቃ፣ ሌፊስና ገደምሶ ወደ ላንጋኖ የሚወርዱት ከዚህ ተራራ ነው። ስለዚህ የተራራው ነገር ሐይቁንም፣ ከታች በመስኖ የሚያለማውንም ገበሬ፣ ከብቱን የሚያጠጣውንም ይነካል።

ከታች ስንጀምር ዝግባና ብሳና፣ ከፍ ስንል ቀረሮና ጥቁር እንጨት፣ ከዚያም በላይ ጥድና ኮሶ እናገኛለን። ዝግባን ብዙዎቻችሁ ቢርቢርሳ፣ ኮሶን ሄቶ፣ ዋንዛን ወዴሳ ብላችሁ ነው ያደጋችሁት። በሁለቱም ቋንቋ ስማቸውን የሚያውቅ ትውልድ እየቀነሰ ነው፤ ልጆቻችሁን ቢያንስ እነዚህን ሦስቱን አስተምሯቸው።

ከሁሉም ለመጋዝ የተፈለገው ዝግባ ነው። ከ40 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ እንጨቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ሙጫ የሌለው፣ ለመሰንጠቅም ለመላግም የሚመች ነው። ለወለል፣ ለኮርኒስ፣ ለበር፣ ለሲሚንቶ ቅርጽ ማውጫ የሚሆን ጣውላ ይወጣዋል። ድክመቱ ምስጥ ይወደዋል። ለምስጥ የማይበገረው ጥድ ነው፤ አባቶቻችን ለቤት ምሰሶና ለአጥር ጥድን የሚመርጡት ለዚህ ነበር።

ከመጋዙ በፊት

ከመጋዙ በፊት ሰው ደን አይቆርጥም ነበር ማለት አይቻልም። ቤት የተሠራው፣ ሞፈርና ቀንበር የወጣው፣ እርሻም የሰፋው ከዚያው ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው እንጨት በጥቂት ዓመታት አልቆ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ዋና ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

«ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 ከመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህ አባባል መሠረት ደካማ መሆኑን አሳይቷል። እኔም በእንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር ከመጨነቅ አንድ ተራራ ላይ የሆነውን በቅደም ተከተል ማየት ይሻላል እላለሁ።

የድሮው አቆራረጥ የራሱ ልጓም ነበረው። አንድን ትልቅ ዝግባ በመጥረቢያ ጥሎ፣ ግንዱን ቆጥ ላይ አውጥቶ፣ አንድ ሰው ከላይ አንድ ሰው ከታች ሆነው ረጅሙን መጋዝ እየሳቡ ጣውላ ማውጣት የብዙ ቀን ሥራ ነው። ጣውላውም በሰው ትከሻ ወይም በአህያ ነበር የሚወርደው። ጉልበቱና መንገዱ ራሳቸው ደኑን ይጠብቁት ነበር።

ሰጋቱራ

ይህንን ልጓም የፈቱት ሞተርና የመኪና መንገድ ናቸው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘበት ጊዜ መንገድና ድልድይ፣ የወታደር ሰፈርና ቢሮ በጥድፊያ ይሠራ ስለነበር ጣውላ በብዛት ያስፈልገው ነበር። በየደጋው ደን መሰንጠቂያ ተተከለ። የዚያን ዘመን ሰነድ ፍለጋ ቤተ መዛግብት መሄድ ሳያስፈልገን አንድ አናጺ ቤት ገብተን ማዳመጥ ይበቃናል። ከመጋዙ ሥር የሚፈሰውን ብናኝ ሰጋቱራ እንላለን፤ የጣልያንኛ ቃል ነው። ኮምፔንሳቶም እንደዚያው ነው። ለጣሪያ የምንገዛው ሞራሌም ከዚያው የመጣ ነው። ግንድ ጭኖ ቁልቁል የሚወርደውን መኪና ትሬንታ ኳትሮ ያልነውም በእነሱው ቁጥር ነው። ጣልያን ሲወጣ መኪናውም፣ መጋዙም፣ ቃሉም ቀረ። የተለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሎጋን የተባለው የደን ባለሙያ ስለ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ ደኖች የጻፈው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1946 ታትሟል። ከጦርነቱ ማግስት የውጭ ባለሙያዎች ደኖቻችንን እየዞሩ መመዝገብ መጀመራቸው በራሱ እንጨቱ ምን ያህል ይፈለግ እንደነበር ይናገራል።

አባቴ ከነጻነት በኋላ በአንድ የግል መሰንጠቂያ ውስጥ ሠርቷል። ግንድ ሲመጣ በመጥረቢያው ጀርባ ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጠው ነበር። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ውስጡ በስብሷል፤ ጥርት ካለ ጤነኛ ነው። ከአንድ ግንድ ቢበዛ ግማሽ ያህሉ ጣውላ ይሆናል፤ ሌላው ቅርፊት፣ ሽርፍራፊና ሰጋቱራ ነው። ሠራተኞቹ ሽርፍራፊውን ለማገዶ ይወስዱ ነበር፤ ሰጋቱራው ግን እንደ ኮረብታ ተከምሮ በዝናብ ይበሰብሳል። አባቴ ለክብ መጋዙ ሁለት ጣቱን ሰጥቷል። ካሳ የሚባል ነገር አልተነሣም፤ ቁስሉ ሲደርቅ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔና ወንድሞቼ የተማርነው በዚያ ደመወዝ ስለሆነ መጋዝን እንደ ሰይጣን አልቆጥረውም። ልጅ አሳድጓል፤ ከተማም ሠርቷል።

ደኑን ግን እንዴት እንደነካው ማወቅ አለብን። መጋዙ ደኑን አልጨረገደውም። ያደረገው ምርጥ ምርጡን መልቀም ነው፤ ቀጥ ያለውን፣ ወፍራሙን፣ ጤነኛውን ወስዶ ጠማማውን ተወ። ዝግባ ደግሞ እንደ ሰው ወንዴና ሴቴ አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ዛፍ ብቻ ናት። ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ ለመብቀል ወራት ይፈጅበታል፤ ችግኙም ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ትልልቆቹ እናቶች ሲሄዱ ተተኪ ይጠፋል።

ሁለተኛው ጉዳት መንገዱ ነው። ግንድ ለመጎተት የተከፈተው መንገድ መኪናው ከሄደ በኋላም አይዘጋም። ከኋላው ከሰል አክሳዩ፣ ማገዶ ለቃሚው፣ በመጨረሻም ማረሻው ይገባል። ብዙ ቦታ ደኑን የጨረሰው ሦስተኛው ነው፤ በሩን የከፈተለት ግን የመጀመሪያው ነው።

ባለቤቱ ሲቀያየር

አሁን የንግግሬ ዋና ነጥብ ላይ ደርሻለሁ። ዝግባው የማን ነበር?

በንጉሡ ዘመን መሬቱ የመንግሥት ወይም የባለርስት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሰፊ የደን ሕጎች የወጡት በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ደንን የመንግሥት፣ የግልና ጥብቅ ብለው ለዩት። ጭሰኛው በየትኛውም ውስጥ ስም አልነበረውም። ዛፍ ቢተክል የሚጠቀመው ባለመሬቱ ነው፤ ነገ ቢነሣ ዛፉን ይዞ አይሄድም። እንዲህ ያለ ሰው «ለምን አልተከልክም?» ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ትልልቁ ደንም በመንግሥት እጅ ገባ። ፍትሐዊነቱን እናውቃለን፤ ጭሰኝነት ቀርቷል። ነገር ግን ከደኑ አጠገብ ላለው ሰው አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ደኑ አሁንም የሌላ ሰው ነበር። ጥበቃው ጠመንጃ ይዞ ቆሟል፤ ሴትዮዋም ሸክሟን ይዛ በሌሊት ትወጣለች። በመንደር ምሥረታው ጊዜ ደግሞ አርሲ ከቀዳሚዎቹ ስለነበረ ለአዲሶቹ ቤቶች ምሰሶና ማገር የወጣው ከየአካባቢው ዛፍ ነው።

በዚያው ዘመን የተሠራውን በጎ ነገርም አልዘልም። በስዊድን ድጋፍ የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ተከፈተ፤ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። አገሪቱ ያሏት የደን ባለሙያዎች ብዙዎቹ በዚያ ያለፉ ናቸው። በደጋጋ፣ በጋምቦና በሶሌ በሺህ በሚቆጠር ሄክታር ላይ የፈረንጅ ጥድ፣ ፓቱላና ባሕር ዛፍ ተተከለ። መጋዙ ከዝግባ ወደ ተተከለ እንጨት መዞር የቻለው በዚህ ሥራ ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ሕዝቡ ወደ ደንና ወደ ተተከለው እንጨት ገባ። «ሕዝቡ ዛፍ ጠላ» ያሉ ነበሩ። ሰው የራሱን ጓሮ ባሕር ዛፍ አልነካም፤ የነካው ጠባቂው የሸሸውን የመንግሥት ዛፍ ነው። የዚህን ልዩነት ምክንያት ማየት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዝግባን፣ ጥድን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥን ከለከለ። ክልከላ ብቻውን ግን ማገዶ አይሆንም። ከተማችን በአረቄዋ የታወቀች ናት። በዚያ ሥራ የሚተዳደሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ጋኑ ሥር የሚነደው እንጨትም ከዚያው ተራራ ነው የሚወርደው። ልጆቿን በአረቄ ያስተማረችን እናት አዋጅ አንብበንላት «አቁሚ» ልንላት አንችልም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የታየባቸው ቦታዎች

ሌላ መንገድ መኖሩን ያየነው በአገራችን ነው። በጭልሞ ደን፣ በጊንጪ አቅራቢያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ነዋሪው ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር በውል ደኑን የሚያስተዳድርበት አሠራር ተሞከረ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የዶዶላና የአዳባ ነው። እዚያ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በኦሮምኛው አሕጽሮት ዋጂብ የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው ከ30 ያልበለጡ አባወራዎችን ይዘው የተወሰነ የደን ክልል በውል ተረከቡ። ስሌቱ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ያህል ነበር፤ ከዚያ በላይ ሰው ከገባ ደኑ አይሸከምም ተብሎ። የሚጠቀመው ታወቀ፤ ስለዚህ የሚጠብቀውም ታወቀ።

ሕጉም ቀስ እያለ ወደዚያ መጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ አራት ዓይነት ባለቤትነትን አውቋል። በ1957ቱ ሕግ ቦታ ያልነበረው ጎረቤት አሁን በወረቀት ላይ ስሙ ገብቷል። ወረቀቱን ወደ ተራራው ማውረድ ነው የቀረው።

ዛሬ የተሰበሰብንባት ሲያትልም ታሪኳ ከዚህ የራቀ አይደለም። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ስንመጣ ያረፍንበት የስለር ቴራስ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1853 እዚህ የመጀመሪያውን የእንፋሎት መሰንጠቂያ ከተከለው ከሄንሪ የስለር ነው። ግንዱን ከኮረብታው ላይ እያንሸራተቱ ወደ ወደቡ ያወርዱት ነበር። ያኔ ደኑ የማያልቅ መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ዌየርሃውዘር የተባለው ኩባንያ ከባቡር ድርጅቱ 900 ሺህ ኤከር ደን በአንድ ጊዜ ገዛ፤ ለእርሻ ደን የተለየ የመጀመሪያው ይዞታ በዚሁ ግዛት የተመረቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። በመካከሉ አርባ ዓመት አለ። እነሱ ቆርጠው ካለቀባቸው በኋላ ወደ መትከል ዞሩ፤ ሰፊ መሬትና ብዙ ገንዘብ ስለነበራቸው ቻሉት። የእኛ ተራራ እንዲህ ያለ ትርፍ ጊዜ የለውም።

ወደ ጥያቄያችን

እንግዲህ የወጣቶቹን ማዕከል እንደግፍ? እኔ እንደግፍ እላለሁ። መጋዝ በሌለበት አገር ሰው ግንዱን በመጥረቢያ እየጠረበ ከግማሽ በላይ ያባክነዋል። ሥራ የሌለው ወጣትም የደን ጠባቂ አይሆንም። ነገር ግን ከታሪካችን የተማርናቸው ሦስት ነገሮች በውሉ ውስጥ በጽሑፍ እንዲገቡ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ መጀመሪያ እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይገዛ። የተተከለ መጋዝ በየቀኑ ግንድ ይፈልጋል፤ ሲራብ ወደ ዝግባው ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማዕከሉ የሚሰነጥቀው ገበሬው በማሳው ዳር የተከለውን ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ፣ ወይም ከኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት በሕጋዊ ጨረታ የተገዛ የተከላ እንጨት ብቻ ይሁን። የእያንዳንዱ ጭነት ደረሰኝ ይቀመጥ፤ በየዓመቱም ለእኛ ይቅረብ። አጣና በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ለጣውላ የሚሆን የፈረንጅ ጥድ ግን 25 እና 30 ዓመት ይፈልጋል። የማሽኑ መጠን በዚህ ልክ ይወሰን፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ትልቁን አንግዛ።

ሁለተኛ፣ የሚጣል ነገር አይኑር። ሽርፍራፊውና ሰጋቱራው በዝቅተኛ ዋጋ ለአረቄ አውጪ እናቶች ይሰጥ፤ ሰጋቱራውን ጨምቆ ማገዶ ማድረግም ይቻላል። በአባቴ ዘመን በዝናብ የበሰበሰው ኮረብታ ዛሬ ከተራራው የሚወርደውን ሸክም በጥቂቱም ቢሆን ያቀልል። የወጣቶቹ ጣትም አይረሳ፤ የመጋዝ ሽፋን፣ ጓንትና የአደጋ ዋስትና በበጀቱ ውስጥ የመጀመሪያው መስመር ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ ከሽያጩ የተወሰነ ድርሻ ለአገር በቀል ችግኝ ይዋል። ዝግባ ሜዳ ላይ ተተክሎ ፎቶ ተነሥተንበት የምንሄድበት ዛፍ አይደለም፤ ጥላና ትዕግሥት ይፈልጋል። ደስ የሚለው ነገር፣ ፈየራ ሰንበታ፣ ደምል ተከታይና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በዚሁ በሙኔሳ ሻሸመኔ የተተከሉት የውጭ ዛፎች ሥር አገር በቀል ዛፎች በራሳቸው እየበቀሉ መሆኑን አሳይቷል። ወፎች ዘሩን ያመጣሉ፤ የፈረንጁ ጥድ ጥላ ይሆናል። ስለዚህ የፈረንጁ ጥድ ሲቆረጥ ከሥሩ ያለው የዝግባ ቡቃያ እንዳይረገጥ ጥንቃቄ ማድረግ አንድ ሺህ ችግኝ ከመትከል ያላነሰ ሥራ ነው። ይህን እንዲያውቁ ወጣቶቹን ከወንዶ ገነት ባለሙያዎች ጋር ማገናኘት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከእነዚህ በላይ ደግሞ ማዕከሉ ከእኛም ከማንም ሳይሆን ከደኑ አጠገብ ከሚኖሩት ሰዎች ጋር ተማክሮ ይሠራ። በጣልያን ጊዜ፣ በባለርስቱ ጊዜ፣ በመንግሥት ድርጅቱ ጊዜ ውሳኔ የመጣው ከሩቅ ነው። እኛም አሁን በውቅያኖስ ማዶ ሆነን ገንዘብ ስንልክ ከሩቅ የሚወስን አዲስ ባለቤት እንዳንሆን እንጠንቀቅ። ገንዘባችን ይድረስ፤ ፊርማው ግን የእነሱ ይሁን።

ወጣቶች፣ በዚህ ክረምት አገር ቤት ከሄዳችሁ ሌፊስ ድረስ ወጥታችሁ ፏፏቴውን እዩ፤ ከአካባቢው አስጎብኚ ውሰዱ፤ ክፍያችሁ እዚያው ይቀራል። በመንገዱ ላይ አንድ ዝግባ አሳዩኝ በሏቸው። ሴቴ ከሆነች ፍሬዋን ታያላችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ በምሳ ሰዓት ፈልጉኝ፤ ድምፅ ስንሰጥ ደግሞ ሦስቱ ነጥቦች በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍሩ እንድትጠይቁልኝ አደራ እላለሁ። እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ።